ልብሷን እንጂ ሙሽራዋን ላልቀየሩት ለጋሽ ስመኘው

ደህና ዋላችሁ የማዕከላችን ሰዎች። ከቡሬ የመጣችሁ፣ ከሽንዲ የመጣችሁ፣ ከቋሪት ዳገት ወርዳችሁ ፍኖተ ሰላም ድረስ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ቤት ለእንቦሳ። ባምላኩ፣ ከኋላ ይሰማል? «ይሰማል፤ ቀስ በይ» አለኝ። ለሰው ሁሉ ቀስ በል የሚለው ሹፌራችን ራሱ ግን የቋሪትን ቁልቁለት ቀስ ብሎ ወርዶት አያውቅም።

ንግግሩን እኔ እንዳደርግ ሲወሰን አንዳንዶቻችሁ ደንግጣችኋል። «ያምሮት ማይክ ከጨበጠች ማን ያስጥላታል?» ያለውንም ሰው አውቀዋለሁ። አትስጉ። የመጣሁት ጋሽ ስመኘውን ልሸኝ ነው። ስሸኛቸው ሌላ ሰው ከተነካ ግን ሄጄ አልነካሁትም፤ መንገድ ላይ ቆሞ ነው ያገኘሁት።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነው፤ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። የነገረኝ ባምላኩ ነው፤ ያኔ የግቢው ዘበኛ ነበር። ስለዚህ ውሸት ካለበት ውሸቱ የእሱ ነው።

ጋሽ ስመኘው ከዱርቤቴ እህልና ዱቄት በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍረው መጡ። ለመጀመሪያ የሥራ ቀናቸው ጥቁር ሙሉ ልብስ አሰፍተው ነበር። የተቀመጡበት ጆንያ ግን ቀዳዳ ኖሮት ኖሮ፣ ፍኖተ ሰላም ሲወርዱ ከአንገት በታች ነጭ ሆነዋል። እንዲያው በዚያ ሁኔታ ጥላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ወፍጮ ቤቱ ከገበያው በታች ነው» አላቸው ባምላኩ።

«እኔ እንኳ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ሥራ ልጀምር ነው የመጣሁት።»

«አዎ፣ እኔም ሐኪም ነኝ። ሂድ ወዲያ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ደብዳቤውን አውጥቶ ይጨቃጨቅ ነበር። እኔ ብሆንማ ያ በር እስካሁን ይነቃነቅ ነበር። ጋሽ ስመኘው ግን ኮታቸውን ተመለከቱ፣ ባምላኩን ተመለከቱ፣ ከዚያ ምን አሉ?

«ለግቢው ክበብ ዱቄት አትፈልጉም?»

«እሱንማ እንፈልጋለን» አለ ባምላኩ፤ በሩን ከፈተ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ሲጽፉ ሲያያቸውም «ሰውዬው የዱቄቱን ሒሳብ እየሠራ ነው» ብሎ አለፈ። ሳምንቱን ሙሉ ዱቄቱ መቼ እንደሚመጣ ሲጠይቃቸው ሰነበተ። አትሳቅ ባምላኩ፣ የሚሳቀው በአንተ ነው።

እኔ ግን ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር አስባለሁ። ጋሼ የሠላሳ ዓመት የሥራ ዘዴያቸውን የተማሩት ያን ዕለት ጠዋት በር ላይ ነው። በር የሚጠብቀው ሰው መስማት የሚፈልገውን ንገረው፤ ከገባህ በኋላ ሥራህን ሥራ።

ሥራቸው ምን እንደሆነ ለእንግዶቻችን ልንገራችሁ። ማዕከላችን ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ያጠናል። ስኳር አለ፣ ደም ግፊት አለ። የጋሼ ልብ ግን ያለው አንዲት ጥናት ላይ ነው፤ ሰው ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት ላይ። ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ የኖረ ሰው እግሩ ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። እርግማን አይደለም። በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ይረዱታል። ምን ያህል እንደሚረዱና የትኛውን ሰው ይበልጥ እንደሚረዱ ለማወቅ ግን ሕሙማኑን ዓመት ከዓመት መከታተል፣ እግራቸውን እየለኩ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ጥናቷ ይህች ናት። ቦታዋም ቋሪት፣ ገበዝ ማርያምና ዙሪያው ነው።

ችግሩ ይህ ነው፦ ፈጥኖ ለሚገድል በሽታ ሁሉም ይደነግጣል፤ በጀትም ይገኛል። ሰውን እያሰቃየ ለሚያኖር በሽታ ግን ማንም አይደነግጥም። ሹመኛ በዚህ ዓመት ጀምሮ በዚህ ዓመት የሚመርቀው ነገር ይፈልጋል። ያበጠ እግር ደግሞ ሪባን ተቆርጦለት አይመረቅም። ሹመኛው ወርዶ ሌላ ይሾማል፤ እግሩ ግን እዚያው እንዳበጠ ነው።

ስለዚህ ጋሽ ስመኘው ምን ያደርጋሉ? ዜና ይሰማሉ።

ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ያቺን ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ። ያን ጊዜ ጋሼን ማናገር ክልክል ነው። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ዜናው እስኪያልቅ ይቃጠል። ዜናው ሲያልቅ «እህህ» ይሉና ሬዲዮዋን ኪሳቸው ከትተው ኮምፒውተሩ ጋ ይሄዳሉ። ያኔ እኛ እንተያያለን፤ የጥናቷ ርዕስ ሊቀየር ነው።

መንግሥት ስለ ምርታማነት ሲያወራ በከረመበት ዓመት ጥናቷ «የእግር ጤና ለአርሶ አደሩ ምርታማነት» ተባለች። በጀት መጣ። ከዚያ ሁሉም ሰው ሴቶችና ወጣቶች ማለት ጀመረ፤ ጥናቷም ሴቶችንና ወጣቶችን ያማከለች ሆነች። ባሕር ማዶ ያሉት ለጋሾች ስለ አየር ንብረት መጨነቅ ሲጀምሩ «አፈር፣ ዝናብና የእግር ጤና» ሆና ተጓዘች። ዲጂታል የተባለ ዓመት ደግሞ እግሩን በስልክ ፎቶ አነሳን፤ በቃ ዲጂታል ሆነች።

ቱሪዝም በመጣ ጊዜ ግን እኔም እዚሁ ነበርኩ። አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ቱሪዝምን ከእግር እብጠት ጋር ምን አገናኘው?»

ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱልኝ። «ልጄ፣ ቱሪስት በምኑ ነው የሚሄደው?»

ያ ርዕስ እንኳ ገንዘብ አላመጣም። ሁለት ቱሪስቶች ግን መጥተው ነበር። ማን እንደላካቸው እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ሌላው ልማዳቸው ሰላምታቸው ነው። የሰው ፊት ከማየታቸው በፊት እግሩን ያያሉ። «እግርሽ እንዴት ነው? እግርህ እንዴት ነው?» ጤና ይስጥልኝ ማለታቸው ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ ሰው ሊጨብጧቸው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ጋሼ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያዩ «እግርዎ እንዴት ነው?» አሏቸው። ትልቁ ሰውዬ ደንግጠው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ።

ስለ ጥላቸው ደግሞ ምን ልበል? በበጋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቢሮ ውስጥ ሳይቀር ከእጃቸው አይለይም። ዛሬ ሰኔ ነውና ጥላው ከብዙ ጊዜ በኋላ ሥራ አግኝቷል። እንኳን ደስ ያለህ በሉት።

አሁን የእኔን መምጣት ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ፣ ዓለምን ላስተካክል ነው የመጣሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ጋሼ የጻፏቸውን ርዕሶች በሙሉ አንብቤ ደሜ ፈላ። ጠረጴዛቸው ፊት ቆምኩ።

«ይህ ማታለል ነው» አልኳቸው።

 ጋሼ ወደ ታች አዩ።

«እግርሽ እንዴት ነው?»

«እግሬን ይተዉት! ሳይንስ እንደ ወቅቱ ስም አይለዋወጥም። ለመጣው ሁሉ የሚያጎነብስ ተመራማሪ ተመራማሪ አይባልም።»

ተቆጥተው ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ወንበር ሳቡልኝ። «ልጄ፣ ጥናቷ ሙሽራ ናት። ለአማቶቿ ሲሆን ቀሚስ እለውጥላታለሁ። ልብሷን እንጂ ሙሽራዋን አልቀየርኩም። መዝገቦቹ ጋ ገብተሽ እያቸው፤ ቦታው ያው ነው፣ ሰዎቹ ያው ናቸው፣ አለካኩም ያው ነው። የተቀየረ ነገር ካገኘሽ መጥተሽ ስደቢኝ።»

ገብቼ አየሁ። ለመሳደብ ስል በጣም ፈለግሁ። አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ጊዜ አላመንኳቸውም። «አልተፈተኑም እንጂ አንድ ቀን ሙሽራዋንም ይሰጣሉ» አልኩ በልቤ። ሰው ልማዱን መቼ ይተዋል? ሠላሳ ዓመት ያጎነበሰ ወገብ አንድ ቀን ቀና ይላል ብሎ ማን ያስባል?

ያ አንድ ቀን መጣ።

የበላይ ኃላፊያችን የሆኑ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ዛሬም ጥሪ ደርሷቸው ነበር፤ አስቸኳይ ስብሰባ ገጠማቸው። ወኪላቸው ግን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጌታዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። መልእክቱን ሳይጎድል እንዲያደርሱልኝ ቀስ እያልኩ እናገራለሁ።

እኒህ ኃላፊ ጥናቷ ከቋሪት ተነስታ እሳቸው ወደተወለዱበት ቀበሌ እንድትሄድ ፈለጉ። አስፋልት ዳር ነው። ጎብኚ ሲመጣ በመኪና ይደረሳል። ያገራቸው ሰውም «ልጃችን ምን አመጣልን?» እያለ ይጠይቃል። ይህ ይገባኛል፤ የሚያሳዝነውም የሚገባኝ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የጥናቷ አስተባባሪ እኔ ነበርኩ። በስብሰባው ላይ እጄን አወጣሁ።

«ክቡር ኃላፊ፣ እዚያ በሽታው የለም። አፈሩ ሌላ ነው።»

«ይፈለጋላ! ፈልጊ!» አሉኝ።

«በሽታ እንደ ምርጫ ድምፅ ተዞሮ አይሰበሰብም» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የጎዳኝ። አምና በመስከረም አስተባባሪነቴን ተነጥቄ ወደ ሽንዲ ተዛወርኩ። «ለተሻለ የሥራ አፈጻጸም» ይላል ደብዳቤው። ሽንዲ ደርሼ የተሰጠኝ ሥራ መጋዘን ውስጥ አጎበር መቁጠር ነው። የሽንዲ ሰዎች፣ እናንተን አላማም። ሽንዲ ጥሩ አገር ነው፤ ቤት ስጡኝ ሳልል ቤት የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። የበደለኝ አገሩ አይደለም። የበደለኝ ሰው ደግሞ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልረሳሁም። ይህንንም ያድርሱልኝ፣ ጌታዬ።

እኔ ከሄድኩ በኋላ በጥቅምት ሁለተኛ ስብሰባ ተደረገ። የሆነውን በዚያው ቀን ሦስት ሰው ደውሎ ነግሮኛል፤ የሦስቱም ወሬ አንድ ነው፤ በዚህ ቢሮ ታሪክ ይህ ሆኖ አያውቅም።

ኃላፊው ተናግረው ሲጨርሱ ወደ ጋሼ ዞሩ። «ጋሽ ስመኘው ያውቁበታል። እንደ ልማዳቸው ያስተካክሉታል።»

ሁሉም ሰው ያስተካክላሉ ብሎ ጠበቀ። እኔም ሽንዲ ሆኜ እንደዚያው ጠብቄ ነበር። ጋሼ ተነሱ። ጥላቸውን ጠረጴዛው ላይ በቁመቷ አጋደሟት። ጥላቸውን ከእጃቸው ሲያኖሩ ያየ ሰው የለም፤ ያኔ ነው አዳራሹ የነቃው።

«ክቡርነትዎ» አሉ፣ «ርዕስ ከሆነ የሚፈልጉት እሺ። ስንት ይሁንልዎ? ካሻዎት በስምዎ ልጠራት እችላለሁ። የሰው እግር ግን ካለበት አላነሳም።»

«ጋሽ ስመኘው፣ ጡረታዎ ደርሷል። በሰላም ቢወጡ ይሻልዎታል።»

«እሱ ስለደረሰ እኮ ነው ድፍረቱ የመጣልኝ!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ስብሰባው ተበተነ፤ ጥናቷ ቋሪት ቀረች። የጋሼ ጠረጴዛ ግን በማግሥቱ ከቢሮ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ተደረገ። የሠላሳ ዓመት ሠራተኛ! ደውዬ ላለቅስላቸው ስል ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ?

«አገሩ ሁሉ የኮሪደር ልማት ይላል አይደል? እኔ ቀደምኳቸው።»

እዚያው ኮሪደር ላይ ሆነው የሚያልፈውን ሁሉ «እግርህ እንዴት ነው?» እያሉ ከረሙ። ይግባኝ ባልኩ ጊዜም ሽማግሌው ሰውዬ ሳልጠራቸው መጥተው መሰከሩልኝ። ዘንድሮ በሚያዝያ የተመለስኩት ማንም አዝኖልኝ አይደለም፤ ተፈርዶልኝ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን እኔ ገና ሽንዲ ሳለሁ፣ አምና ጥር ላይ፣ ሌላ መጣ። ባሕር ማዶ፣ እኛን የማያውቅ አገር ውስጥ፣ መንግሥት ተለወጠ። አዲሱ መንግሥት ለውጭ የሚሰጥ ገንዘብ ይቁም አለ። በአንድ ጠዋት የጥናቷ ገንዘብ ቆመ። የመስክ ሠራተኞቻችን ተሰናበቱ፣ መኪናው ነዳጅ አጥቶ ቆመ። የቋሪት ሰው ማንንም አልመረጠም፣ ማንንም አላወረደም። የእግሩ ፋሻ ግን እዚያ ማዶ በተቆጠረ ድምፅ ተቆረጠበት። «እኔ ፖለቲካ አልወድም» ለምትሉኝ ነው ይህን የምናገረው። አንተ ባትወደውም እሱ እግርህ ድረስ ይመጣል።

የሚያንገበግበው ደግሞ ጊዜው ነው። የቀረን የመጨረሻው ልኬት ብቻ ነበር፤ በሚመጣው ኅዳር የሚወሰደው። እሱ ከቀረ ያለፉት ዓመታት ልኬት ሁሉ የሚነጻጸርበት ያጣል። ሰዎቹ ያጠቡት፣ የታገሱት፣ ባምላኩ ያን ዳገት የወጣው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከሽንዲ ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ዘንድሮስ ምን ብለን እንሰይማት?»

 ሬዲዮ ከጀርባ አይሰማም። «ስም አለቀብኝ ልጄ» አሉኝ። ጋሽ ስመኘው አለቀብኝ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «እኛ የገበሬ ልጆች አይደለን? ገበሬ ጉልበት ሲያጥረው ምን ያደርጋል?»

«ደቦ ይጠራል።»

«በቃ፣ ደቦ እንጠራለን።»

ኅዳር ሲደርስ ለባምላኩ ነገሩት። ባምላኩ በእሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ገበዝ ማርያም ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ መልእክቱን አደረሰ። መልእክቱ እንዴት ነበር ባምላኩ? «ጋሽ ስመኘው ደቦ ጠርተዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ጤና ኬላው ጋ» ነው ያልከው። እግር ይለካል ማለቱን ረሳኸው። ረስቼ ነው ይላል። ይመስገን!

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ከሽንዲ መጥቻለሁ፤ ፈቃድ አልጠየቅሁም። የቡሬ ቅርንጫፋችን ልጆች በራሳቸው ወጪ ሳሙናና ሜትር ይዘው መጥተዋል። ባምላኩም መኪና ስለሌለው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዳገት በእግሩ ወጥቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ መጣ። ሳፋዎቹን ደርድረን ቆመናል። ከዚያ ከላይ ዘፈን ሰማን። ቀና ስንል ሰው እንደ ንብ ይወርዳል፤ ሁሉም ማጭድ ይዟል። ሕሙማኑ ብቻ አይደሉም፤ ልጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው፣ የእድሩ ሰዎች።

ከፊት ወይዘሮ ንግሥቴ ናቸው። እሳቸው ዛሬም እዚያ ጥግ ተቀምጠውልናል፣ እንኳን መጡልን። ጋሼን ሲያዩ ምን አሉ?

«ምነው ስመኘው፣ ማሳህ የታለ?»

«ማጭዱ ለምንድን ነው እናቴ?»

«ደቦ ጠርቶ ማጭድ ለምን ይለናል! ኧረ በማርያም! የከተማ ገበሬ!»

ጋሽ ስመኘው ከሳፋዎቹ አጠገብ ተንበረከኩ። «ማሳዬ እግራችሁ ነው። ገንዘብ የሚሰጠን ቀርቷል፤ ብቻዬን የማጭደው አልሆነልኝም።»

 ከዚያ ወይዘሮ ንግሥቴ ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ። «ቀድሞ እንዲህ አይባልም? በል ና እጨድ!»

ሁሉም ተሰለፈ። ጠዋቱን ሙሉ አጠብን፣ ለካን። ገንዘብ በነበረበት ዘመን የሚቀር ሰው ነበር፤ ቤት ለቤት እየሄድን እንለምን ነበር። ያን ቀን አንድም ሰው አልቀረም። መሄድ ያቃታቸውን ጎረቤት በቃሬዛ አመጣቸው። ታጥቦ የተለካው ሰው ደግሞ ማጭድ ይዞ መጥቶ ባዶውን እንዴት ይመለስ? የወይዘሮ ንግሥቴ ገብስ ነበር፤ ሕመሙ በዚያ ሳምንት ተነስቶባቸው ሳያጭዱት የቆመ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም እሱ ላይ ወረደበት። የቡሬ ልጆች ማጭድ ሲጨብጡ ማየት ነበረባችሁ! እትዬ ሠርክአዲስ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ደቦ ያለ ጠላ አይሆንም ብለው ጠምቀው በአህያ አስጭነው ነበር። እኔ የላብራቶሪ ጋዋን ለብሼ ነዶ ተሸከምኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ተመራማሪ ሆኜ አላውቅም።

ልኬቱ ተሟላ። ሕክምናውን በደንብ የተከታተሉት ሰዎች እብጠታቸው ቀንሷል፤ ሕመሙም እንደ በፊቱ ቶሎ ቶሎ አይነሳባቸውም። ይህን ዛሬ በግምት አልናገርም፤ ለክተን ነው። ወይዘሮ ንግሥቴ ወደዚህ አዳራሽ የገቡት በገዛ ጫማቸው ነው። በፊት በልካቸው የሚገኝ ጫማ አልነበረም።

ጋሼ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር።

ያን ጊዜ ጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ «የሚያጎነብስ ተመራማሪ ተመራማሪ አይባልም» ብዬዎት ነበር። ለሌላ ሰው ዛሬም እለዋለሁ። ለእርስዎ ግን ሌላ ነገር ተምሬአለሁ። ሰው የሚያጎነብሰው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሹም ለመስገድ ወይም የሰው እግር ለማጠብ። ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል። እኔ ከሩቅ ነበርኩ።

ስለ ቀሚሶቹ ሁሉ አመሰግናለሁ። እርስዎ እየለዋወጡ ባያለብሷት ኖሮ ሙሽራዋ ገና ድሮ ከቤት ወጥታ ነበር። ስለዚያች ጥላም አመሰግናለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ስላጋደሟት። ለእኔ ሲሉ ኮሪደር ላይ ስለተቀመጡ አመሰግናለሁ። ለአንቺ አይደለም ይሉኛል፤ አውቃለሁ። ለእግሩ ነው ይሉኛል። ይሁን፤ ለእግሩ ይሁን። እኔ ግን የእኔን ድርሻ ወስጃለሁ፤ አልመልስም። እትዬ ሠርክአዲስ፣ እርስዎንም። እኒህን ሰውዬ ለሠላሳ ዓመት በምሳ ዜና ሰዓት ያላናገሩ ትዕግሥተኛ ሴት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከነገ ጀምሮ ቤት ይውላሉ። ሬዲዮውን ይደብቁት።

በዚህ ወር መጀመሪያ የጋሼ ወንበር ለእኔ ተሰጠ። የጥናቷን ሁለተኛ ዙር የገንዘብ ጥያቄ አብረን ጻፍን። ርዕሱ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዳቸው ሬዲዮዋን አወጡ። «ዘንድሮ ወቅቱ ምን ይላል?»

እጃቸውን ያዝኩና ሬዲዮዋን አጠፋኋት። «በቋሪት የእግር እብጠት ሕሙማን ክትትል» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም የለውም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ያለ ልብስ ልትሰጃት ነው?»

«አይ ጋሼ። የራሷን ልብስ ለብሳ ነው።»

«እምቢ ቢሉሽስ?»

«ማጭድ አለን» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ መሃረባቸውን አወጡ። ላብ ነው አሉኝ። በሰኔ።

መልሱ ገና አልመጣም። ይመጣል፣ ላይመጣም ይችላል። በኮሪደሩ ላይ ግን «ጋሽ ስመኘው ከወጡ ጥናቷ ከቋሪት ትነሳለች» የሚል ወሬ እሰማለሁ። ጌታዬ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያሉት፣ የመጨረሻዋ መልእክቴ ይህች ናት። ጋሽ ስመኘው ከሥራ ወጡ እንጂ ከቋሪት አልወጡም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውም ሽንዲ ደርሳ የተመለሰች ናት፤ መንገዱን ስለማውቀው አያስፈራኝም። ጥናቷን ማንሳት የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ ወይዘሮ ንግሥቴን ያነጋግር። እነሆ እዚያ ተቀምጠዋል። ማጭዳቸውን ዛሬ አላመጡም፤ ጠይቄያቸዋለሁ።

በሉ እንነሳ። ጠላውን የጠመቁት ዛሬም እትዬ ሠርክአዲስ ናቸው፤ ብርጭቆው የጎደለበት ይሙላ። ባምላኩ፣ አንተም ተነሳ፤ ቀስ በል።

ጋሼ፣ በጡረታዎ እንቅልፍ ይጥገቡ። የልጅ ልጆችዎን ያስቸግሩ፤ ሙሉ ልብስዎ ዱቄት አይንካው። መንገዱ ሰላም ይሁንልዎት፤ ዱርቤቴ ወንድሞችዎን ሊጠይቁ ሲሄዱ የሚያስቆምዎ አይኑር። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ኅዳር ላይ ግን አልለቅዎትም። ገንዘቡ መጣም አልመጣም፣ ገበዝ ማርያም ላይ ደቦ ጠርተናል። የአሁኑን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ የተጠሩት እርስዎ ነዎት። ጥላዎን ይዘው ይምጡ፤ ማጭድ እኛ እናበድራለን።

ለጋሽ ስመኘው! ይኸው ሁላችንም ቆመን፣ የቋሪት እናቶችም በጫማቸው ቆመው፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት የጠየቁንን እኛ ደግሞ አንድ ጊዜ እንጠይቅዎት፦

እግርዎ እንዴት ነው ጋሼ?